ብርድ አይደለም የገደለሽ

ለአስካለ፣

ከተለየሽኝ አምስት ዓመት ሞልቶ ስድስተኛው ተጀምሯል። እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ሥራ የፈታ ሰው ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አሁንም ይመስለኛል። ግን ተናድጃለሁ። ስናደድ የምነግረው ለአንቺ ነበር፤ በቦታሽ ሌላ ሰው አልተካሁም፤ ስለዚህ አንቺው ትሰሚኛለሽ። ሌላ ሰው ቢያነበውም ግድ የለኝም። እንዲያውም ያንብቡት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልጨርስልሽ። አሁንም እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ደረጃው አላጠረም። ውሃ እንደ ድሮው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፤ ባልዲዎችሽ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ እንደተሰለፉ ናቸው። ከበረንዳው ወደ ሰንጋ ተራ በኩል ይታይሽ የነበረውን ሰማይ አንድ የመስታወት ፎቅ ወስዶታል፤ የልብስ ማስጫ ገመድሽ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ብቻ ነው። ሽሮ ራሴ እሠራለሁ። ይጓጉላል። እበላዋለሁ። ልጃችን ከሐዋሳ በደወለ ቁጥር መጥተህ ከእኛ ጋር ኑር ይለኛል፤ አልሄድም። ከአልጋው በግድግዳው በኩል ያለው ቦታ ያንቺ ነው፤ ክረምት ሲገባ እንኳ ወደዚያ አልጠጋም።

የቤቱ ወሬ ይኸው ነው። አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ።

በብርድ ሞተች ይላሉ። አንቺን ነው። የሚሉትም የማኅበርሽ ሰዎች ናቸው።

ዝዋይ ሐይቅ መካከል ካለችው ደሴታችን ወጥተን አዲስ አበባ ላይ ያረጀን ሰዎች ብዙ አይደለንም። ከእኛ ውስጥ በየወሩ በልደታ ቀን በየተራ ቤት እየተገናኙ በእመቤታችን ስም ጽዋ የሚጠጡ አሉ። አንቺ ከወጣትነትሽ ጀምሮ አባል ነበርሽ። እኔ አልነበርኩም። ጠላ ለመጠጣት ማኅበር አያስፈልገኝም እል ነበር፤ አንቺም አንተ ግትር ትይኝና ነጠላሽን ለብሰሽ ትወጪ ነበር። ስትመለሺ ማን ምን እንዳለ እየነገርሽኝ፣ የእያንዳንዱን ድምፅ እያስመሰልሽ ታስቂኝ ነበር። ያንን እንደምወደው አልነግርሽም ነበር እንጂ እንዳትቀሪብኝ እፈልግ ነበር። ጽዋው አንድ ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፤ የሚቀጥለው ወር ተረኛ በሰው ሁሉ ፊት ይቀበለውና ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

ያ ዓመት መጣ። ሬዲዮው ቀን ከሌት አትሰብሰቡ፣ አትጨባበጡ፣ ተራራቁ ይል ነበር። መጀመሪያ ላይ ማኅበርተኛው ፈርቶ ቀረ። አንቺና ዘነቡ በዚያ ጊዜ ከበረንዳ ወደ በረንዳ፣ በግቢው ላይ እየተጯጯኻችሁ ስታወሩ እሰማ ነበር፤ አንቺ አራተኛ ፎቅ፣ እህትሽ ማዶ ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ። ምን ወጥ እንደሠራችሁ ግቢው ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም ዝቅ አድርጋችሁ አውሩ እያልኩ እቆጣ ነበር። ከዚያ ሰዎችሽ ሰለቻቸውና በቃ አለፈ ተባባሉ። አትሂጂ አልኩሽ። ነጠላዬን አፌ ላይ አደርጋለሁ አልሽኝ። ጽዋው ሲደርስሽስ በነጠላው ላይ ልትጠጪ ነው አልኩሽ። ሳቅሽ። ሄድሽ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ አቶ ገብሬ ቤት፣ በዚያች የምድር ቤት ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋችሁ ዘግታችሁ ስትጠጡ ዋላችሁ። በዚህ በአንቺም ተናድጃለሁ። ሞታለች ብዬ አልተውኩልሽም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቂዋለሽ። ሳሉ፣ ትኩሳቱ፣ ግቢው ውስጥ የቆመው አምቡላንስ፣ በመጋረጃ ጀርባ የሚያየው ጎረቤት። በወንበር ተሸክመው ደረጃውን ሲያወርዱሽ ትንፋሽሽ እየተቆራረጠ፣ "ዘነቡን ጠብቃት" አልሽኝ። ስለ እኔ አንድ ቃል አላልሽም። ልክ ነበርሽ። እኔ ጠባቂ አያስፈልገኝም፤ እህትሽ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አስም ያለባት ናት። ከዚያ ወዲያ አላየሁሽም። ድንኳን አልተጣለልሽም። ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀበሩሽ፤ እኔና ልጅሽ ከሩቅ ቆመን አየን።

ዓመትሽ ሳይሞላ ወሬው ተለወጠ። አስካለን የገደላት ያ በሽታ አይደለም፣ ብርድ ነው ተባለ። ከዝዋይ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ንፋሱ ደረቷን መታት ተባለ። አንቺ በዚያ ዓመት ዝዋይ አልሄድሽም። አውቶቡስ አልተሳፈርሽም። ግን ታሪኩ ተሠርቶ አለቀ፤ ወንበሩ አለ፣ መስኮቱ አለ፣ አጠገብሽ የተቀመጠች ሴትዮ ሳትቀር አለች። አንዱን ይዤ ጠየቅሁት። ስሟን ለመጠበቅ ብለን ነው አለኝ፤ በዚያ በሽታ ሞተች ሲባል ለቤተሰቡ ነውር ነው አለኝ። መሞትሽ ነውር ሆኖ እነሱ ሊሸፍኑልሽ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ማተሚያ ቤት ውስጥ የእርሳስ ፊደል ስለቅም ነው፤ ተገልብጦ የቆመውን ሀ እያየሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ከዚያ ሥራ የቀረልኝ ነገር ቢኖር አንዲት ፊደል ስትሳሳት ቃሉ ሌላ ቃል እንደሚሆን ማወቄ ነው። እነዚህ ሰዎች የሳቱት ፊደል አይደለም። ቃሉን አውጥተው ሌላ ቃል ከተቱበት። ለዚህ ነው ያንቺን ቦታ ና ውሰድ እያሉ በላኩብኝ ቁጥር አልመጣም ያልኳቸው።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ መጣ። አዲስ በሽታ ነው፤ አንቺ አታውቂውም። ሬዲዮው እንደገና እጅ ታጠቡ፣ የታፈነ ቤት ውስጥ አትሰብሰቡ፣ የመጠጫ ዕቃ አትጋሩ ማለት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ዘነቡ ደወለችልኝ። ድምፅዋ በደስታ ይንቀጠቀጣል። ተራዋ ደርሶ ኖሯል፤ በልደታ ቀን ጽዋውን ትቀበላለች፣ በወሩ ድግሱ እሷ ቤት ይሆናል። ቤቷን ታውቂያታለሽ፤ አንዲት ስቱዲዮ፣ አልጋና ምድጃ ጎን ለጎን የቆሙባት። በዚያች ክፍል ውስጥ ይህ ሁሉ ሰው በሩን ዘግቶ ተጨናንቆ ሊቀመጥ፣ እሷም ከሰው ሁሉ አፍ የዞረውን ጽዋ ልትጨርስ ነው። ስታወራኝ ትስል ነበር። ምንድነው አልኳት። ብርድ ነው ጋሼ፣ አለችኝ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅበርሽ ሄድኩ።

ያው የገብሬ ሳሎን ነው። መስኮቱ ተዘግቷል፤ መዝጊያው ያልገጠመበት ክፍተት በጋዜጣ ተወትፏል። ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል። መስታወቱ በሰው ትንፋሽ ረጥቦ ይንጠባጠባል። ዳቦው ተቆርሶ ጽዋው ከመዞሩ በፊት የማኅበሩ ቄስ ነገሩን አነሡ። የሚባለውን ሰምታችኋል፣ ጽዋው እንደ ወትሮው ከአፍ ወደ አፍ ይዙር ወይስ ለጊዜው ሌላ መላ እናብጅ፣ ተማከሩ አሉ።

አቶ ገብሬ ጀመረ። እኛ በጥር ንጋት ሐይቁ ውስጥ እስከ ደረታችን ገብተን መረብ የሳብን ልጆች ነን፣ አሁን ሳል ነው የሚያስፈራን አለ። ማኅበርተኛሽ ብርቄ ቀጠለች። ሰባት ልጆች ባንድ ቁርበት ላይ ተኝተን ነው ያደግነው፣ ጫፍ ላይ ያለው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያድር ነበር፣ ጫፍ ላይ የምተኛው ደግሞ እኔ ነበርኩ አለች። ሌላው ታንኳ ተገልብጦበት ሸምበቆ ይዞ ውሃ ውስጥ እንዳደረ አወራ። ለቅሶ ቤት ሲያወራው ግማሽ ሌሊት ነበር፤ እዚህ ሲደርስ ነግቶለታል። ማን የበለጠ እንደበረደው ውድድር ሆነ። አንዱ ልብስ አልነበረንም ሲል ሌላው እናንተማ ቁርበት ነበራችሁ ይለዋል። የዛሬ ልጆች ሹራብ በሹራብ ላይ ደርበው ይታመማሉ፣ እኛ ግን ብርዱ እንደ ብረት አጠነከረን ተባለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ዘነቡ ከጎኔ ሆና እየሳለች ትስቃለች።

አንቺ በብርድ ተመክተሽ አታውቂም። አንድ ቀን ብቻ ነው ያነሣሽልኝ፤ እናትሽ ከሐይቁ ስትወጡ እጆቻችሁን ብብቷ ውስጥ ከትታ ታሞቅ እንደነበረ፣ እሷን ግን የሚያሞቃት እንዳልነበረ። ያንን ብለሽ ወደ ሥራሽ ተመለስሽ።

ትዕግሥቴ አለቀ። እንዲህ ብርድ የማይፈራ ሰው ከሆንን መስኮቱ ይከፈት አልኩና ተነሥቼ ከፈትኩት። ምነው ባየሽ ኖሮ። ሐይቅ ውስጥ ያደረው ሰውዬ ጋቢውን እስከ ጆሮው ሳበ። ብርቄ ወገቤን አለች። የገብሬ ሚስት ላብ ላይ ንፋስ ሲያገኝ ሳንባ ይመታል እያለች መጥታ ዘጋችው። ከፈትኩት። ዘጋችው። ገብሬ ወደ ዘነቡ ዞሮ፣ "የእህትሽ ባል ዛሬ በብርድ ሊጨርሰን ነው የመጣው" አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። በሳቁ መካከል አንድ ሰው፣ "ምስኪን አስካለንም የበላት መስኮት ነው" አለ።

ማን እንደሆነ አላየሁም። ሳቁ ግን ቆመ፤ ሁሉም እኔ ላይ አፈጠጠ።

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኩት፤ እኔ ስቆጣ እንደዚያ እንደምሆን አንቺ ታውቂያለሽ። ሐይቅ ውስጥ ገብተን ያልሞትነው እኛ ነን፣ የሞቱት እዚህ መጥተው ሊመሰክሩ አይችሉም አልኳቸው። ታናሽ ወንድሜ ለማ አንድ ክረምት ሲስል ከርሞ መስከረምን አላየም። ብርቄን፣ ከቁርበቱ ላይ ከተኛችሁት ሰባት ልጆች ስንቶቻችሁ ለሠርግ በቃችሁ ብዬ ጠየቅኋት። ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። መልሱን ደሴቱ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብርዱ ማንንም አላጠነከረም፤ ብዙ ልጅ ወሰደ፣ የተረፍነው ተረፍን፣ ከዚያ ዕድላችንን ጉብዝና አልነው አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ገብሬ ዞርኩ። ማዶ፣ የብሱ ላይ ፈንጣጣ ገባ የተባለ ጊዜ ታንኳውን ሁሉ ከውሃው አስጎትቶ ያስወጣው ማን ነበር አልኩት። አባቱ ነበሩ። ጨው ይዞ የሚመጣውን ነጋዴ ድንጋዩ ላይ አስቀምጠህ ተመለስ ብለው ከዳር ሆነው የሚጮኹበት አባቱ ነበሩ። የገዛ እህታቸው ማዶ ስትሞት እንኳ አልተሻገሩም። ውሃው ዳር ቆመው አለቀሱ፤ ማዶ ያሉት ዘመዶችም በበኩላቸው ዳር ወጥተው አለቀሱ፤ በሁለቱ መካከል ሐይቁ ነበር። አንቺም እኔም ልጆች ሆነን አጠገባቸው ቆመን ነበር። ያ በሽታ ወደ ደሴቱ አልተሻገረም። አባትህ ፈሪ ነበሩ፣ ወይስ ከአንተ ያነሰ በርዷቸው ነው ያደጉት አልኩት።

ያገኘኋቸው መስሎኝ ነበር። ገብሬ ግን ጉሮሮውን ጠረገና፣ ያ የድሮ ጊዜ ነው፣ ያኔ መድኃኒት አልነበረም፣ ከዛሬ ጋር አይገናኝም አለ። አየሽልኝ? ድሮ ጠንካሮች ነበርን ለማለት ድሮው ይበቃዋል። ድሮ እንጠነቀቅ ነበር ስለው ግን ድሮው አረጀበት።

እጅ አውጡ ተባለ። እንደ ወትሮው ይቀጥል ተባለ። መስኮቱ ተዘጋ፤ ጋዜጣው ተመልሶ ተወተፈ። ጽዋው መዞር ጀመረ። አንዱ ጠጥቶ አፉን በእጁ ጀርባ ይጠርግና ለሚቀጥለው ይሰጣል፤ የሚቀጥለው የጽዋውን ጠርዝ በነጠላው ጫፍ ጠረግ አድርጎ ይጠጣል። እኔ በብርቄና በዘነቡ መካከል ነበርኩ። አባል ስላልሆንኩ በላዬ አልፎ ሊሄድ ነበር። ተረኛዋ ዘነቡ መጨረሻ ላይ ናት፤ እጆቿን ዘርግታ ትጠብቃለች፤ ሳሏን ለማፈን ከንፈሯን ነክሳለች።

ጽዋውን ከብርቄ እጅ ተቀበልኩት። አልጠጣሁም። ቆምኩና፣ "በእመቤቴ ስም፣ የአስካለ ቤት ተቀብሏል" አልኩ።

ደንቡን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። የሞተ አባል ቦታ የቤተሰቡ ነው። ጽዋውን በእጁ ይዞ በእመቤታችን ስም ተቀበልኩ ያለ ሰው ደግሞ አይቀማም። ገብሬ ብድግ አለ። ተራው የዘነቡ ነው፣ ይህ ሰው ማኅበራችንን ሊያፈርስ ነው አለ። ሁሉም ቄሱን አየ። ቄሱ ጥቂት አሰቡ። እኔን አዩኝ፣ ዘነቡን አዩ፣ ሳሏንም ሳይሰሙ አልቀሩም። ስሟ ተጠርቶበታል፣ ተቀብሏል አሉ።

ዘነቡ የተዘረጉ እጆቿን ወደ ጭኗ መለሰች። ልጅ የላት፣ ባል የላት፤ ያቺ ስቱዲዮ በሰው ትሞላ የነበረችው ጽዋው ሲደርሳት ብቻ ነው። ይህን አውቃለሁ። አውቄ ነው የወሰድኩባት። "ጋሼ፣ ተራዬን ቀሙኝ" አለችኝ። ዳቦዋን ሳትነካ፣ ጠላውን ሳትቀምስ ወጣች።

ያለፈው ልደታ ድግሱ የቤታችን ነበር። ሰው ወደ ላይ አላወጣሁም። ከሁለቱ ሕንፃዎች መካከል፣ ግቢው ላይ፣ በሰማይ ሥር ወንበር ደረደርኩ፤ በያንዳንዱ ወንበር ላይ አንዳንድ ኩባያ አስቀመጥኩ። ቄሱ ባረኩና ከጽዋው በየኩባያው ቀዱ። አባ፣ እንዲህም ይሆናል እንዴ ብላ ብርቄ ብትጠይቃቸው፣ ጠላው ያው ጠላ፣ ስሙም ያው ስም ነው አሏት። ሁሉም አልመጡም። የመጡት ግን ወደ ጦርነት የሚሄዱ መስለው ነው የመጡት፤ ኮፍያ፣ ፎጣ፣ ጋቢ። ንፋሱ እኛን ሊገድል ነው እያሉ አጉረመረሙ። ገብሬ ቂሙን ይዞ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ብርዱን ፈርቶ ጋቢውን አፍንጫው ላይ አጥብቆ አስሮ ዋለ። ሬዲዮው ተሸፈኑ ብሎ ለምኖ ያላገኘውን እኔ ግቢ ውስጥ በማስቀመጥ ብቻ አገኘሁት። አልነገርኩትም። ብነግረው ያወልቀው ነበር።

አዲሱ በሽታ እዚህ ልደታ ሰፈር ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ባይደርስ፣ ምን መጣ ይሉኛል። ይበሉ። አንቺም አለፈ ባሉ በስንተኛው ቀን እንደታመምሽ እነሱ ቢረሱት እኔ አልረሳሁትም።

ዘነቡ አልመጣችም። የዳቦ ድርሻዋን ላኩላት፤ መለሰችው። ግቢው ውስጥ ስታገኘኝ ፊቷን ታዞራለች። እኔም በየጠዋቱ እደውልላታለሁ። ስልኩን ታነሣዋለች። ዘነቡ፣ እኔ ነኝ፣ አደርሽ ወይ እላታለሁ። አትመልስልኝም። ቶሎም አትዘጋውም። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ሲያፍናት ይሰማኛል፣ ሲለቃት ይሰማኛል። ሰሞኑን ሳሉ ቀንሷል። ከዚያ ትዘጋዋለች። ልጃችን ሽማግሌ ልከህ ታረቃት ይለኛል፤ ማኅበርተኞችሽም እናስታርቃችሁ ብለው መጥተው ነበር። ተዋት አልኳቸው። ትኩረፍ። ዕድሜ ልኳን ታኩርፈኝ። ካኮረፈች አለች ማለት ነው።

ለሞተ ሰው የሚጽፍ አልረሳሽም ብሎ ነው የሚጨርሰው። እኔም አልረሳሽም። ግን እንዴት እንደማስታውስሽ እወቂው፤ እንደ ሌላው ሰው ሚስት በለዘበ ልብ አይደለም። አትሂጂ ስላት ስቃ የሄደችውን፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ ከበሩ ላይ ዞር ብላ ያየችኝን ሴት ነው የማስታውሰው፤ ባስታወስኳት ቁጥር ደሜ ይፈላል። በምን ሞተች ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ በሽታሽን በስሙ እጠራዋለሁ። ይህ ንዴት እስካለ ድረስ አንቺም ከእኔ ጋር አለሽ፤ እንዲበርድልኝ አልፈልግም።

ነገ ጠዋት ለእህትሽ እደውላለሁ። አትናገረኝም። አዳምጣታለሁ።

ባልሽ ሽፈራው